ቅር ያለው ሰው ካለ

ባለፈው ጥቅምት ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት ስልኳን እያየች ትስቅ ነበር። ኮሶዬን አልፈናል። ከገደሉ በታች ያለው ቆላ በጉም ተሞልቷል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ገብስ መገርጣት ጀምሯል። እንዲህ ያለ አገር በመስኮት እያለፈ ስልክ ላይ ማፍጠጧ ትንሽ ቢከነክነኝም የሰው ሳቅ ደስ ይላልና ዝም አልኩ። እሷ ግን ብቻዋን መሳቁ አልበቃት አለ መሰለኝ፣ ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው።

“እትዬ፣ እንግሊዞቹን ይዩልኝ እስኪ። ባቡር ዘገየ ብለው የሚቀልዱትን።”

አየሁት። አንዱ ሰው፣ ባቡር ጣቢያ ወንበር ላይ አፋቸውን ከፍተው ያንቀላፉ አንድ ሽማግሌ ፎቶ ለጥፏል። “እኚህ ሰው ባቡሩን መጠበቅ የጀመሩት በወጣትነታቸው ነው” ብሎ ጽፎበታል። ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደርድሯል።

“ሽማግሌው ማን ናቸው?” አልኳት።

“እኔ እንጃ። ማንም ናቸው” አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ልጅቱ ክፉ አይደለችም። ስንወርድ እንኳ ቦርሳዬን ተሸክማልኛለች። ነገር ግን ያ “ማንም” ያለችው ቃል አንጀቴ ውስጥ ገባና እስከ ዳባት ድረስ መንገዱን ሳላየው አለፈ። ቁጣ ያረጃል ይላሉ። የኔው ግን አላረጀም።

ነገሩ የሆነው ሚሌኒየሙን ካከበርን ሁለት ሦስት ዓመት አለፍ ብሎ ነው። እኔ ገና ሃያዎቹን የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ። ከመምህራን ኮሌጅ በእንግሊዝኛ ተመርቄ፣ ምደባ እስኪደርሰኝ ድረስ ደባርቅ አቶ ደረጀ የሚባሉ ሰው ኢንተርኔት ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ቤት ተባለ እንጂ ከዋናው መንገድ ኋላ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ኮምፒውተሮቹን ከአቧራ ለመጠበቅ ሌላው ሰው ቴሌቪዥኑን እንደሚያለብሰው ዳንቴል አልብሰናቸዋል። መስመሩ ከመዝገሙ የተነሳ አንድ ገጽ እስኪከፈት ድረስ ቁጭ ብሎ ድንች መላጥ ይቻል ነበር። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰው ከሰው አይሰማማም። ደንበኞቻችን ከተራራ የወረዱ ፈረንጆች ነበሩ። አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጦ፣ ጫማቸው ጭቃ ተሸክሞ ይገቡና ለዘመዶቻቸው ደህና ነን ብለው ይጽፋሉ።

አንድ ቀን አንዲት እንግሊዛዊት የከፈተችውን ገጽ ሳትዘጋው ወጣች። ልዘጋው ስል ዓይኔ ጽሑፉ ላይ አረፈ፤ በዚያው ቀረሁ።

የወሬ ገጽ ነበር። እንግሊዝ አገር በልዩ ልዩ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ቀኑን ሙሉ እየገቡ የሚጫወቱበት ነው። ርእስ የለው፣ ቁም ነገር የለው። አንዱ “ዛሬም ዘነበ” ይላል። ሌላው “ቆሻሻ የሚሰበስበው መኪና ሳምንት ሙሉ ቀረ፤ በራፌ ላይ ተራራ ሠርቻለሁ፤ ተራራ መውጣት የሚፈልግ ይምጣ” ይላል። ሻይ ሲቀዳ ወተቱ ይቅደም ሻዩ ይቅደም በሚለው ላይ ሲነታረኩ ቀናት ይፈጃሉ። ከዚያ ድንገት ወደ ፖለቲካ ይዞራሉ። የፓርላማ ሰዎቻቸው የቤታቸውን ማሳመሪያ በመንግሥት ገንዘብ ከፈሉ ተብሎ አገሩ የታመሰበት ጊዜ ነበርና ይሰድቧቸዋል፤ ጠቅላይ ሚኒስትራቸውንም አይምሩም። እኔ ይኼን ሳነብ ልቤ ይመታ ነበር። በዚያ ዘመን እኛ የመንግሥትን ስም ስናነሳ መጀመሪያ በሩን ነበር የምናየው። እነሱ ሰድበው ሲያበቁ ደግሞ ስለ ሻይ ያወራሉ፤ ነገ ጠዋትም ማንም ሳይነካቸው ተመልሰው “ዛሬም ዘነበ” ይላሉ።

ተመዘገብኩና ገባሁ። ከደባርቅ ነኝ ስላቸው “ደባርቅ ይዘንባል?” አሉኝ። “በክረምት የኛ ዝናብ የናንተን አገር ዝናብ ለቁርስ ይበላዋል” ብዬ ጻፍኩ። ተሳሳቁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አንዷ ሆንኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ኮሌጅ ያልተማርኩትን እንግሊዝኛ የተማርኩት ከነሱ ነው። እንዴት እንደሚቀለድ፣ ሲቀለድብህ እንዴት እንደሚመለስ አስተማሩኝ። በቅጽል ስም ነበር የሚጻጻፉት። እኔም በአማርኛ ስም አወጣሁላቸው። ወሬውን ሁሉ በዝናብ የሚጀምረውን “ዝናቡ”፣ ስለ አበባዋና ስለ ጎረቤቷ ድመት የምታወራውን ሴት “የጓሮዋ”፣ ሁልጊዜ ባቡር ዘገየብኝ የሚለውን ደግሞ “ባቡር ጠባቂው” አልኳቸው።

ይኼን ስም ያወጣሁት ለራሴ ብቻ አልነበረም፤ ለአጎቴም ነው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ታከለ ስካውት ነበሩ። ስካውት የምንለው ከቱሪስት ጋር ጠመንጃ ይዞ ተራራ የሚወጣውን ጠባቂ ነው። ቀጠን ያሉ፣ ቁጡ፣ ወሬ ወዳድ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከደባርቅ ወጣ ያለ ገጠር ነው። ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ እኛ ቤት ይገባሉ፤ እናቴ ድንች ቀቅላ በአዋዜ ታቀርብላቸዋለች፣ ጠላ ትቀዳለች። እሳቸው ድንቹን እየላጡ ይጠይቁኛል።

“እህሳ፣ የነዝናቡ አገር እንዴት ሰነበተ?”

እኔም እተርክላቸዋለሁ። የሻይና የወተቱን ክርክር ስነግራቸው “ይኼ ነው የሚያጣላቸው? ታድለው!” አሉ። ሁለት ጣት የማይሞላ በረዶ ጣለና ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ባቡርም ቆመ ስላቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። እሳቸው በቧሂት ተራራ ላይ ውርጭ ጢማቸውን አድርቆት የሄዱ ሰው ናቸውና ቢስቁ አይፈረድባቸውም። ግን ልብ በሉ፤ በረዶው ላይ የቀለዱት እንግሊዞቹ ራሳቸው ነበሩ። እኛ የሳቅነው እነሱ በራሳቸው ላይ በሳቁት ነው።

አያ ታከለ ግን በመሳቅ ብቻ አይቆሙም። የጓሮዋ ከጎረቤቷ ታረቀች ወይ ብለው ይጠይቃሉ። የባቡር ጠባቂው አለቃ አሁንም ይቆጣዋል ወይ ይላሉ። አንድ ቅዳሜ የዝናቡ እናት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል መግባታቸውን ነገርኳቸው። ድንቹን አስቀመጡት።

“ስማቸው ማን ነው?”

“ሜሪ ብሎ ጽፏል።”

“ማርያም ማለት አይደል? በቃ።”

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ይኄይስን ጠርተው ስሙን ሰጧቸው። የደብራችን ቄስ የማያውቋቸውን፣ ባሕር ማዶ የተኙትን ሴት በጸሎት ማንሳት ጀመሩ። እኔ ይኼን ለዝናቡ አልጻፍኩለትም። እንዲያ ባለ የቀልድ ቦታ ላይ እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት እንደሚያነሱት አላወቅሁበትም ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ባቡር ጠባቂው መጣ። አዎ፣ ራሱ። ስለ ስሜን ተራራ ስጽፍላቸው ልቡ ተነሳስቶ ትኬት ቆርጧል። ኢንተርኔት ቤቱ በር ላይ ቀይ ጢም ያለው ረጅም ሰው ቆሞ “ሰናይት!” ሲል የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልክደውም። ቤት ወስጄ ሽሮ አበላሁት። አያ ታከለ ተራቸው ባይሆንም ከባልደረባቸው ተለዋውጠው ጠባቂው እሳቸው ሆኑ። ሲለዋወጡ “እንግዳዬ ነው፤ ለማንም አልሰጠውም” ማለታቸውን ሰምቻለሁ።

ከተራራ ሲመለስ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ፊቱ ግን በርቶ ነበር። ያኔ የነገረኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። ግጭ የሚባለው የተራራው ሰፈር ሲደርሱ ከፍታው ራሱን መታው። አስታወከው፤ የሚሞት መሰለው። አጎቴ ሌሊቱን አጠገቡ ተቀምጠው አደሩ። የራሳቸውን ጋቢ አልብሰውት እግሩን ሲያሹለት፣ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ሲያጠጡት ነጋ። እሳቸው ጋደም ያሉት በማግሥቱ ቀትር ላይ፣ ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ ብቻ ነው። “አጎትሽ ባይኖሩ ኖሮ እዚህ አልቆምም ነበር” አለኝ። አውቶቡስ ላይ ሲወጣም አያ ታከለን አቅፎ እንባው መጣ። ይኼን የምነግራችሁ ሰውየው ያውቅ እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው። ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት።

አገሩ ገብቶ ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ ጠዋት ሥራ ገብቼ ገጹን ከፈትኩ። ፎቶው እንደ ልማዱ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ተከፈተ። መጀመሪያ ሰማይ መጣ። ከዚያ የአስታ ዛፍ ቅጠል። ከዚያ የሰው ግንባር፣ የተከደኑ ዓይኖች፣ የተከፈተ አፍ። ጠመንጃው ደረታቸው ላይ ተጋድሟል፤ የተቀደደ ኮንጎ ጫማቸው ወደ ካሜራው ዞሯል። አያ ታከለ ናቸው። ባቡር ጠባቂው ከሥር “ከነብር እንዲጠብቀኝ የተመደበልኝ ሰው” ብሎ ጽፏል። ከዚያም ለፎቶው ጽሑፍ የማውጣት ውድድር ከፍቷል።

ሁሉም ገብተውበታል። አንዱ ስለ ጫማው ጻፈ። አንዱ ፊታቸው ላይ ያረፈውን ዝንብ ቆጥሮ ለዝንቡ ስም አወጣ። የእንግሊዝ የባቡር ሠራተኞች ለልምምድ ወደ ኢትዮጵያ የሚላኩት እንዲህ መተኛት ሊማሩ ነው ያለም አለ። ብዙ ሳቅ ያገኘው ግን የዝናቡ ነው። “ነብሩ ሲመጣ እንዳይቀሰቅሳቸው በቀስታ እንዲራመድ ይለመን” ይላል።

እነዚህን ሰዎች እወዳቸው ነበር፤ መናደዴን ያባሰው እሱ ነው። የማላውቀው ሰው ቢሆን ተሳድቤ በዘጋሁት። እነዚህ ግን አያ ታከለ በየቅዳሜው ድንች ይዘው “እንዴት ሰነበቱ” የሚሏቸው ሰዎች ናቸው።

ጻፍኩ። ሰውየው አጎቴ መሆናቸውን፣ ስማቸው ታከለ መባሉን፣ ፎቶው የተነሳው ሌሊቱን ሙሉ የታመመ ሰው ሲያስታምሙ ባደሩ በማግሥቱ፣ ቀትር ላይ ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ መሆኑን፣ የታመመውም ሰው ፎቶውን የለጠፈው መሆኑን ጻፍኩ። “ይኼን ለምን አልነገርካቸውም?” ብዬ ጠየቅሁት።

ባቡር ጠባቂው ቶሎ መለሰልኝ። “አትቆጪ እንጂ፤ ጨዋታ ነው። እኛ የምንቀልደው በምንወደው ሰው ነው። አንቺን እንደራሳችን ስለቆጠርን ነው” አለ። ሌላው ተከተለና የእንግሊዝ ቀልድ ለውጭ ሰው እንደማይገባው በትሕትና አስረዳኝ።

ቀልዳቸውን ዓመት ሙሉ ስመልስ የኖርኩ ሰው ድንገት ባዕድ ሆንኩ። እንደገና ጻፍኩ። “በኔ ስትቀልዱ መልስ እሰጣለሁ፤ ስለዚህ ጨዋታ ነው። እሳቸው የምትሉትን እንኳ ማንበብ አይችሉም። መልስ መስጠት የማይችለውን ሰው መሐል አስቀምጦ መሳቅ በናንተ አገር ምን ይባላል?” አልኩ።

ላክሁት፤ ብዙ ሰው ግን ያነበበው አይመስለኝም። ትንሽ ቆይቼ ስከፍተው ሁለቱም ጽሑፎቼ የሉም። የገጹ ኃላፊ “እዚህ ጭቅጭቅ አንፈልግም፤ ወደ ቀልዳችን እንመለስ” የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ፣ እኔ እንዳልጽፍ ዘግቶብኛል። ፎቶው ከነጽሑፎቹ በቦታው አለ። ኃላፊው ከገጹ ያስወጣው እኔን ነው።

ለአቶ ደረጀ ነገርኳቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ፎቶውን አዩና ፈገግ አሉ።

“አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ። ይኼ እኮ ማስታወቂያ ነው፤ ቱሪስት ያመጣል። ታከለ ቢያየው ይስቃል።”

እውነት እላችኋለሁ፣ ከእንግሊዞቹ ይልቅ በዚህ ተቃጠልኩ። የገዛ አገራችን ሰው እንግዳ እንዳይከፋው ብሎ የጎረቤቱን ገመና ማስታወቂያ ሲለው ምን ይባላል?

ቅዳሜ አያ ታከለ መጡ። ድንቹ ቀረበ። “የነዝናቡ አገር እንዴት ሰነበተ?” ሲሉኝ አቀረቀርኩ። ፊቴን አይተው ድንቹን ተዉት።

“ምነው? ሴትዮዋ ሞቱ?”

“ኧረ አልሞቱም።”

“ታዲያ ተናገሪያ!”

ላለሳልሰው ሞከርኩ። ገና ስጀምር አቋረጡኝ። “ሳትቀንሺ ንገሪኝ። እኔ ያንቺን ትርጉም ነው የማምነው፤ ከቀነስሽ አንቺም ከነሱ ገባሽ ማለት ነው” አሉ። ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ጫማውንም፣ ዝንቡንም፣ ነብሩንም። ነብሩ የዝናቡ ቀልድ መሆኑንም ተናገርኩ።

ከዚያ ገበያቸውን ትተው ወደ ኢንተርኔት ቤቱ አስከተሉኝና ፎቶውን አሳይኝ አሉ። እስኪከፈት ድረስ ቆመው ጠበቁ። ራሳቸውን ሲያዩ ፊታቸው አልተለወጠም። ቀረብ ብለው ፎቶው ላይ ያለውን ትከሻቸውን በጣታቸው ነኩት።

“ጋቢዬ የታለ?”

እኔም ያኔ ነው ያስተዋልኩት። በስሜን ብርድ በስስ እጀ ጠባብ ነው የተኙት።

“እሱ ላይ ነበር!” አሉ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። “ይኼን ሲያነሳኝ ጋቢዬን ለብሶ ነበር! ለብሶት ቆሞ ነው ያነሳኝ! እንግዳ ይዤ ተኝቼ አላውቅም፤ የዚህ አገር ሰው ይመስክር። ባልደረባዬን ‘አንተ ጠብቅልኝ’ ብዬ፣ አስፈቅጄ ነው የተኛሁት። አሁን ሥራውን የማያውቅ ጠባቂ ብለው ስሜን አጠፉት!”

ወጡ። ተከተልኳቸው። ጠመንጃ የለመደ ትከሻቸው ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ የገበያውን ሰው እየገፉ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። መምሬ ይኄይስ ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር።

“መምሬ፣ ያቺን ማርያም ያልኩዎትን የፈረንጅ ሴት ከጸሎቱ ያውጡልኝ።”

“አረፉ እንዴ?”

“የለም። ልጃቸው ሰደበኝ።” ነገሩን አፈሰሱት።

መምሬ እስኪጨርሱ አዳመጧቸው። ከዚያ በዝግታ፣ እንደ ቄስ ሳይሆን እንደ ጎረቤት፣ “ሴትዮዋ ምን አደረጉህ?” አሏቸው።

አያ ታከለ መሬቱን በጫማቸው ቆፈር ቆፈር አደረጉት። “ምንም አላደረጉኝም” አሉ በመጨረሻ።

“እንግዲያውስ ይቆዩ። አንተ ደግሞ ከልጅየው ጋር ያለህን ነገር ከልጅየው ጋር ጨርስ። ዝም በል አላልኩህም።”

ይኼ ንግግር ነው ነገሩን የለወጠው። ተመልሰን ኢንተርኔት ቤት ገባን። አያ ታከለ አንዱን ወንበር ሳቡና ዳንቴሉን ገፈው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። አቶ ደረጀ “ታከለ፣ ተው እንጂ፤ የእንጀራችንን ገመድ…” ብለው ሲጀምሩ ዞር ብለው አዩዋቸውና አቶ ደረጀ ቀሪውን ዋጡት።

“ጻፊ” አሉኝ።

“እኔን ዘግተውኛል።”

“እኔን አልዘጉኝም። በኔ ስም ክፈቺ።”

“ቅጽል ስም ነው የሚጽፉት፤ ምን ልበል?”

“ታከለ በይ። ስም አለኝ።”

በስማቸው መዘገብኩ። ምን ልጻፍ ስል ረጅም ወቀሳ የሚያወርዱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ አሰቡና በቃላቸው አወረዱት። እኔ ቃሉን ሳልነካ ተረጎምኩት፤ የዝናቡን ስም ብቻ ገጹ ላይ በሚጠራበት ቅጽል ስም ተካሁት።

“ታከለ ነኝ። ፎቶው ላይ የተኛሁት ሰው ነኝ። መተኛቴ እውነት ነው። በዋዜማው ሌሊት ለምን እንዳልተኛሁና ጋቢዬ የት እንደነበረ ፎቶውን ያነሳው ሰው ይንገራችሁ። ዝናቡ የተባልከው፣ እናትህ ዳሌያቸው እንዴት ሆነ? እዚህ በየእሑዱ ስማቸውን እናነሳለን።”

የመጨረሻው ይቅር ብዬ ለመንኳቸው። ስድብ መስሎኝ ነበር። “ለመስደብ አይደለም። መልሱን ስለምፈልገው ነው” አሉ። ዛሬም ቢሆን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ጅራፍ እንደነበረ አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቁ ነበር።

ያን ቀን አንድም ሰው መልስ አልጻፈም። በማግሥቱ የጓሮዋ ሴትዮ ብቻዋን ገብታ ባቡር ጠባቂውን በስሙ ጠርታ ጠየቀችው። “እስኪ ንገረን። ለምን ነበር ያልተኙት?” አለችው። ነገሩን በቀልድ ሊያልፈው ሞከረ። ሌላ ሰው ደገመበት። “ጋቢ ምንድን ነው? አንተ ጋ ነበር?” ሲሉት መውጫ አጣ። ፎቶውን አነሳውና እንዲህ የሚል ጽሑፍ ተካበት፦ “ለጨዋታ ያደረግሁት ነው። ቅር ያለው ሰው ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ።”

ቅዳሜ ለአያ ታከለ ተረጎምኩላቸው። ድንች የያዘ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

“ምን ካለ አልሽ?”

“ቅር ያለው ሰው ካለ።”

“ካለ?” ተነስተው ቆሙ። “ካለ ይላል? አለሁ እንጂ! እኔ ታከለ ነኝ ብዬ ስሜን ጽፌ፣ አለሁ ብዬ! ጋቢዬን የለበሰ ሰው መኖሬን ይጠራጠራል?” እናቴ እንዲቀመጡ ብትለምናቸው አልቀመጥ ብለው፣ ጠላውን ሳይጠጡ ወጡ።

ዝናቡ በገጹ ላይ አልጻፈም። ለአያ ታከለ በግል መልእክት ላከላቸው። አጭር ናት። “አቶ ታከለ፣ በእርስዎ ላይ የጻፍኩት አሳፋሪ ነው። ይቅርታ። እናቴ በምርኩዝ መራመድ ጀምራለች። ስለ ጸሎቱ ስነግራት አለቀሰች፤ ስለ ፎቶው ግን ልነግራት አልደፈርኩም።” ይኼን ስነግራቸው “ይኼ ‘ካለ’ የለበትም” አሉ። ከዚያ መምሬ ይኄይስ ዘንድ ሄደው ሴትየዋ መራመድ መጀመራቸውን ነገሯቸው።

ከዚያ በኋላ በዚያ ገጽ ላይ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። አያ ታከለም ቅዳሜ ሲመጡ ስለ እንግሊዝ አገር ጠይቀውኝ አያውቁም፤ የጤፍና የገብስ ዋጋ እናወራ ነበር። በሥራቸው ላይ ግን አንድ ልማድ አመጡ። አዲስ ቱሪስት ሲረከቡ፣ መንገድ ከመጀመሩ በፊት በአስጎብኚው በኩል ስማቸውን ያስነግራሉ። ፎቶ የሚያነሳ እንዲጠይቃቸውም ያስነግራሉ። ሌሎቹ ስካውቶች መጀመሪያ ሳቁባቸው። ቆይተው ግን አንዳንዶቹ እንደሳቸው ማስነገር ጀመሩ።

አያ ታከለ ካረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል። ባቡር ጠባቂው የት እንዳለ አላውቅም። ምናልባት ደህና አባት፣ ደግ ጎረቤት ይሆናል፤ ክፉ ሰው ነው ብዬ አላውቅም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ለክፉ ሰው መጠንቀቅ ይቻላል። ሳቅ ወዳዱን፣ ተግባቢውን፣ አቅፎ ያለቀሰልህን ሰው ግን ማን ይጠነቀቀዋል? አሁን ደግሞ ኢንተርኔት ቤት መሄድ ቀርቷል፤ እያንዳንዱ ሰው ያንን ገጽ በኪሱ ይዞ ይዞራል። እኛም ራሳችን በራሳችን ሽማግሌዎች፣ በራሳችን እብዶች፣ በራሳችን ድሆች ላይ ስንስቅ አያለሁ፤ እንግሊዞቹን ብቻ ልወቅስ አልችልም።

ይኼን ታሪክ ስነግራቸው ብዙ ሰዎች በሐዘኔታ ያዩኛል። “አንቺ ያን ጊዜ ልጅ ነበርሽ፤ ቀልዱ አልገባሽ ይሆናል” ይሉኛል። ገብቶኝ ነበር። አንድም ሳይቀር ገብቶኝ ነበር። የተቆጣሁት ስለገባኝ ነው።